አንድ ለሰማንያ ሰባት

ቤልሚሮ፣ የጋራዥህ በር ሲከፈት ሙጫና ቀለም ሸተተኝ፤
መኪናህን ለዝናቡ ሰጥተህ፣ ከውስጥ ጣቢያችን ታየኝ።
ቫል-ደ-ሙስጎ!
ልጆች ሳለን ቀና ብለን ያየናት፣
ዛሬ ሳንቃ ላይ፣ ጎንበስ ብለን አገኘናት።

«አንድ ለሰማንያ ሰባት» አልከኝ፣ መነጽርህን እየወለወልክ፤
«ከጣሪያው እስከ በሩ እጀታ፣ ሁሉም እኩል ነው ያነሰው» እያልክ።

ሦስት ክረምት ፈጀብህ አሉ፤ ሚስትህ እራት ብቻዋን ትበላለች፤
ጢሟን ነቅለህ ሰማያዊ ሸክላዎቹን የሳልክባት ድመት
እስካሁን ታኩርፍሃለች።
ወይራው የመዳብ ሽቦ ነው፣ ቅጠሉ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ፤
ጠጠሩ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ በአንድ የተለቀመ በእጅ።
የመጋዘኑ ቆርቆሮ የሰርዲን ጣሳ ክዳን፤
በኮምጣጤ ነው ያዛግከው፣ የአርባ ዓመቱን በሁለት ቀን።
አግዳሚው በግራ ነበር ስልህ፣ በቀኝ ነው ብለህ ሞገትከኝ፤
ሲመሽ ሁለት አግዳሚ ሠርተህ፣ «ተቀመጪ» ብለህ አሳቅከኝ።

ወንዙማ ቫርኒሽ ነው።
ስሙ ዱሮ ነው፣ ታውቃለህ፤
ዱሮ ደግሞ እንዲህ ነው፣
ደርቆም ያብለጨልጫል።

ሰዓቱን ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ አቆምከው።
ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።
ወንድምህ ኤርሚኒዮ፣ በካርቶን ሻንጣ፣
በዚያ ባቡር ነው ለፈረንሳይ የወጣ፤
ደብዳቤው እንጂ እሱ አልመጣ።

«እስቲ እዪ» አልክና ቁልፉን ጫንክ።
ከጀሶ ተራራ ሥር አንዲት መብራት ብቅ አለች፤
ትንሿ ባቡር ድልድዩን ተሻግራ መድረኩ አጠገብ ቆመች።
አባትህ ከነኮፍያው፣ ቄሱ ከነጃንጥላው፣
ፍየሏ ከነገመዷ፣
ማንም ሳይሳፈር ሄደች።
በጀርባ ዞራ መጣች።
ደግሞ ዞራ መጣች።

ቤልሚሮ፣ የእኛይቱ እኮ ዞራ አልመጣችም።
በታኅሣሥ፣ ማክሰኞ ማታ፣ የኋላ መብራቷን አሳይታን ቀረች፤
ሐዲዱም ተነቅሎ በኪሎ ተሸጠ፤
አንዱ ዛሬ የፋብሪሲዮን የወይን ዳስ ተሸክሞ ቆሟል።

ይህን ልነግርህ አልነበረም። ዓይኔ ያረፈው ሌላ ላይ ነው፤
መንገዱ ሐዲዱን በሚያቋርጥበት
ማገጃው ብቻውን ሲወርድ፣ ብቻውን ሲነሣ።
«ማነው የሚያወርደው?» ብልህ፣
«መግነጢስ» አልከኝ፣ ኩራት እየተናነቀህ።

እናቴ መግነጢስ አልነበረችም።
ፐርፔቱዋ ነበረች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
በጥር ውርጭ፣ በነሐሴ ሐሩር፣
ግራ እጇ እኔን አቅፎ፣ ቀኙ ባንዲራ ዘርግቶ፣
እያጠባችኝ ባቡር ያሳለፈች፤
ደመወዟ የወንድ ግማሽ፣
ስሟ ከባሏ ስም ሥር፣ በእርሳስ።

ዝም አልክ።
የተቆላለፈ ሽቦ እንደሚፈታ ሰው ዝም አልክ።

በሳምንቱ ደወልክ። «ሽርጧ ቀለሙ ምን ነበር?»
አረንጓዴ አልኩህ።
ዋሸሁ። አላስታውስም፤
በአፍንጫዬ የቀረው የከሰል ጭስና ሳሙና ነው፣ ቀለም አይደለም።

ዛሬ ቆማ አየኋት፤ ከጥፍሬ ጥቂት ትረዝማለች፤
ፊት የላትም፣ ጠብታ ቀለም ናት፤
ግን ልክ እንደሷ ወደ ግራ ዘመም ብላለች።
ይህን ማን ነገረህ? እኔ አልነገርኩህም።
ለካ አንተም ከመድረኩ ዳር ሆነህ ታያት ነበር።

እንግዲህ ባቡሯን ገና አታስነሣት፤ ዋሻው ውስጥ ትቆይ።
የመግነጢሱን ሽቦ ንቀልልኝ፤
ማገጃውን በጥፍሬ ጫፍ፣ ቀስ ብዬ፣ እኔው አወርደዋለሁ።
ሙያው እንዲህ ነው፤
መጀመሪያ ማገጃው፣ ቀጥሎ ባንዲራው፣
ከዚያ ጆሮ።