ያልተሰመረው ዓምድ

ሃያ ሁለት ዓመት ከወንዝ ዳር ቆሜ፣
የጭነት መኪና ስቆጥር ከርሜ፣
የታርጋውን ቁጥር፣ የሾፌሩን ስም፣
ቶኑን፣ ሩፒውንም፣ አንድ አልዘለልኩም።
ቼምባር የሚባል ወንዝ፣ ኬረላ ነው ስፍራው፣
በእህል ወግ ተመዝኖ ይሸጣል አሸዋው።

መዝገቤ ንጹሕ ነው፣ መስመሩ የቀና፤
ለወንዙ ግን ዓምድ አላሰመርኩምና
ከሱ የጎደለው ስንት እንደደረሰ
አይታወቅም። ኦዲተር ፈርሞ ተመለሰ።

ካርትያኒ የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ፣
ሙቀት በገባ ቁጥር ገመድ ትጠይቀኝ።
አንድ ዓመት ሁለት ክንድ፣ ሌላ ዓመት አራት፣
ገመድ ሲያልቅ ጊዜ ሳሪ ቋጠረችበት።
«ውኃው ነው የራቀው ወይስ ገመድ አጠረ?»
ብላ ስትጠይቀኝ ስቄባት ነበረ።
በኋላ ባሕሩ በዝቅታው ገብቶ፣
ባልዲዋ ወጣላት ጨው ጨው ሸትቶ።
ሩዟን ቀቀለችበት፣ ቀምሳ ዝም አለች፣
«ጨው አልጨመርኩበትም» ብላ ሳህን ላከች።

«ውኃ ሲሄድ ድንጋይ ይቀራል» እየተባለ፣
እኛ ዘንድ አሸዋው ቀድሞ ኮበለለ፤
ውኃውስ ብቻውን ምን ይሠራል ቆሞ?
ተከትሎት ሄደ ዓሣውን ተሸክሞ።

ጡረታ ስወጣ ኮቺ ገባሁ፣ ከተማ፣
ዐሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት ያለው ማማ፤
ደላላው ግድግዳውን በጣቱ እየመታ
«የወንዝ አሸዋ ነው» አለኝ በደስታ።

ቧንቧውን ስከፍተው ሳለና አፏጨ፣
ዝገት የቀላቀለ ጠብታ ረጨ።
ውኃ በቦቴ ነው፣ ማክሰኞ በጠዋት፣
ባልዲ ይዘን ወርደን የምንጋፋበት።
አንድ ቀን ታርጋውን አየሁት በድንገት፣
ሺህ ጊዜ የጻፍኩት ያ ቁጥር ነው በውነት!
አሸዋ ሲጭን የኖረው አሮጌ መኪና
ጀርባው ላይ ታንከር አስሮ መጣ እንደገና፤
ሾፌሩ ዳሞዳራን፣ ጥርሱ የወላለቀ፣
«ጌታ ጸሐፊ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

«ስትጽፈኝ ኖረሃል፣ ተራው ዛሬ የኔ ነው»
አለና ደብተሩን ከኪሱ መዘዘው፤
ስሜን፣ የፎቁን ቁጥር፣ የሊትሩን ዋጋ፣
ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ገጹን እየዘረጋ

ጻፈ። አየሁለት። አጻጻፉ ያምራል።
ዓምዶቹም ቀጥ ያሉ። አንድ ብቻ ይቀራል።

ሊፍቱ አይሠራም ነበር። በደረጃው ወጣሁ፣
ስድስተኛው ፎቅ ላይ ላርፍ ተቀመጥሁ፣
ግድግዳውን ነካሁ፤ ቀዝቃዛ ነው ጧት ጧት፣
ቼምባርም እንዲህ ነበር እግር ሲነከርበት።