አንቺስ?

ማታ ሱቄን ልዘጋ ስል ትርንጎ ትመጣለች፣
መቀሷን በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልላ ይዛለች።
"እስኪነጋ አስቀምጥልኝ።"
ሌላ ቃል አትጨምርልኝ።

ልብስ ሰፊ ናት፤ መቀሱ ነው እንጀራዋ፣
ከመሸ ግን ከቤቷ አያድርም መሣሪያዋ።
ወንድሟ አትንኩት ሌሊቱን አይተኛ፣
ከግድግዳው ጋራ ይሟገታል ያለ ዳኛ።

ማለዳ ስከፍት ደጄ ላይ አገኛታለሁ፣
መቀሱን ሳቀብላት እንዲህ እላታለሁ፦
"እሱ እንዴት አደረ?"
"ተመስገን" ትላለች፤ ዓይኗ ግን በርበሬ ነበረ።
ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ እሱ ጠየቅሁ፣
"አንቺስ" የምትል ቃል መኖሯን ዘነጋሁ።

ሐሙስ ሆስፒታል ናት፣ ካርድ ይዛ ተራ ስትጠብቅ፣
በጾም ወራት ፀበል፣ በውርጭ ስታስጠምቅ፣
ክኒኑን ሲተፋው ከወለል ስታነሳ፣
አንዳንድ ሌሊት ደግሞ፣ ሲጠፋባት፣ ከፒያሳ
እስከ ቀሃ ወንዝ ወርዳ ስትጣራ፣
በስልኳ መብራት ጉድባውን ስትፈትሽ በተራ።

ሰፈሩ አፍ አለው፦ "ከዘር ነው"፣ "ድግምት ነው"፣
"እሷው ናት ያሞላቀቀችው።"
ሽማግሌ ልኮ ነበር አንድ የማክሰኝት ሰው፤
ወንድሟን አየና መንገዱ ጠፋው።

"አትንኩት! አትንኩት!" ስትል በጨለማ
የባንክ ዘበኛ፣ ስም መሆኑን ሳያውቅ፣ ሰማ።
"ማን ነክቶት፣ እቴ?" አላት።
ይህን ስትነግረኝ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁላት።

ሳቄ አብሮኝ አላደረም። የዱቤ መዝገቤን ገለጥሁ።
ሰኞ፣ አትንኩት፣ አረቄ ግማሽ ሊትር።
ረቡዕ፣ ግማሽ ሊትር። ቅዳሜ፣ አንድ ሊትር።
ከጎኑ በእሷ እጅ ጽሑፍ "ተከፍሏል" ይላል፤
የእኔ ትርፍ ከእሷ መርፌ ጫፍ ተለቅሟል።
ማን ነክቶት?
እኔ ነኛ።

እድራችን ለሞተ ድንኳን ይተክላል፣
ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሦስት ቀን ያስተዛዝናል፤
ሦስት ዓመት ላልተኛች ግን አንቀጽ የለውም።

እሑድ በስብሰባ እጄን አነሳሁና ይህንኑ አልሁ።
"በደንቡ የለም" ይለኛል ብዬ ዳኛውን አየሁ።
ጋሽ አዛናው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣
ያልቆሸሸውን መነጽር ጠረገ፣ ጠረገ፣
"የኔም ልጅ…" አለና አልጨረሰውም።
ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ ደንብ አልተናገረም።

ማክሰኞ ማታ ከባለቤቱ ከእትዬ ድንቄ ጋራ ሄድን ወደ ደጇ፤
"ተኚ" ስንላት እንኳ መርፌው አልወጣም ከእጇ።
አትንኩት ያን ሌሊት ግድግዳውን ሲከስ፣
እኔ ምስክር ሆንሁ፣ በርጩማ ላይ፣ ጎሕ እስኪቀድ ድረስ።
የደብረ ብርሃን ደወል ተደወለ፤ አልነቃችም።
ፀሐይ መስኮቷን አልፋ ትራሷ ላይ ወጣች፤ አልነቃችም።

አልዳነም አትንኩት።
አረቄው ከነበረበት መደርደሪያ ክር ደረደርሁ፤
እሱ ከሌላ ሱቅ እንደሚገዛ ሰምቻለሁ።
መቀሱ ዛሬም ማታ ማታ ከመሳቢያዬ ያድራል፣
ጠዋት ሳቀብላት ግን አፌ ሌላ ይጠይቃል፦
"አንቺስ?"

የመጀመሪያ ቀን "ማን? እኔ?" ብላ ዞራ ኋላዋን አየች፣
ሌላ ሰው የጠራሁ መስሏት።
ትናንት ግን የለስላሳ ሳጥን ስባ ተቀመጠች፣
መቀሱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣
"እኔማ" አለች፣
"እኔማ…"

ዳቦ የሚገዛ ሰው መጣ።
"ቆይ" አልሁት።