ከባጃጄ ጀርባ

እትዬ አመነች፣ አሞራ ገደል ዳር አሳ የምትበልት፣
ቢላዋ ከእጇ ጋር አብሮ የተወለደ የሚመስልላት፣
አንድ ጠዋት መጣች፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣
"ሆስፒታል ውሰደኝ" አለች፣ ዓይኗን ከኔ አሽሽታ።

"ሃያ አምስት ቀን ነው፣ ቅዳሜና እሑድ እያረፍሽ ነው ያሉኝ፤
ብር ያጥረኛል ልጄ፣ ሂሳቡን በቆሮሶ ያዝልኝ።"
ከኋላ ተቀምጣ ሣቀች፦ "ሃያ ዓመት ጠበስኩ፣ ዛሬ ተራው የኔ ነው፤
ጨረር ማለት በቁም መጠበስ ነው ይላል የሰፈር ሰው።"

እኔም የሰፈር ሰው ነኝ። ያንን ወሬ አውርቼዋለሁ።
ስትወርድ ወንበሩን በጨርቅ ሦስት ጊዜ ጠርጌዋለሁ።

"ምን አደረጉሽ?" አልኳት ስንመለስ፣ በመስታወቱ እያየሁ በስርቆት፤
ከአንገቷ ሥር ሐምራዊ መስመር፣ ልብስ ሰፊ ለመቁረጥ ያሰመረው ዓይነት።
"ይሄን አትጠቢው አሉኝ፤ እኔን! ቀኑን ውሃ ውስጥ የምውል!
ማሽኑ ዒላማውን በዚህ ነው የሚያውቀው፤ ከጠፋ ይስታል።

አስተኙኝ። 'አትንቀሳቀሺ' ብለው ወጡ።
እሳት የለም። ጭስ የለም። ዘይት ሲንጫጫ አልሰማሁም።
አንድ 'አባታችን ሆይ' ሳልጨርስ አበቃ፤ አላመመኝም።
ባለሙያዋን ጠየቅኋት፣ ያቺን ቀጭኗን ልጅ፦
'ዛሬ ማታ የልጅ ልጄን ባቅፋት አልጎዳትም ወይ?'
'እትዬ፣ አምፖል ሲጠፋ' አለችኝ፣ 'ብርሃኑ ግድግዳ ላይ ያድራል ወይ?'"

ዝም አልኩ።
ጨርቁ ከወንበሬ ሥር ነበር። እግሬ ነካው።

አልዋሽም፣ ቀላል አልነበረም።
በሦስተኛው ሳምንት ቆዳዋ ጠቆረ፣ እንደ ሐምሌ ደመና ከታቦር ጀርባ፤
ገና ከሆስፒታሉ በር ሳንወጣ እንቅልፍ ዓይኗ ገባ።
አንድ ሰሞን ማሽኑ ተበላሸ፤ አራት ቀን ከበር ተመለስን፣
ከዲላ፣ ከአለታ ወንዶ የመጡትም፣ ፌስታል እንደያዙ፣ አብረውን።

ከመሃላቸው አንዷ፣ እብጠቷን በነጠላ ሸፍና
ሁለት የቡና ለቀማ ያሳለፈች፣
"እንዳያቃጥሉኝ ፈርቼ ነው" አለችኝ።
መልስ አጣሁ። እኔና መሰሎቼ ያወራነው ነው
ደጅ ያቆያት።

በሃያ አምስተኛው ቀን እትዬ አመነች
ክንድ የሚያህል ቆሮሶ ወንበሬ ላይ አስቀመጠች።
"ዳንሽ?" አልኳት።
"እንከታተልሻለን አሉኝ። በየሦስት ወሩ ና ውሰደኝ።"

ያን ቀን ከባጃጄ ጀርባ "ምቀኛ አታሳጣኝ" የሚለውን ፋቅሁት፤
በቀይ ቀለም፣ በጠማማ ፊደል፣ ሌላ ጻፍኩበት፦
ጨረር አይጋባም። እብጠት አይቆይም።

አቶቴ ላይ ትራፊክ አስቆመኝ።
"ይሄ ምንድነው? ፈቃድ አለህ?"
"የለኝም።"
ደብተሩን ገለጠ። የታርጋዬን ግማሽ ጻፈ።
እስክሪብቶው ቆመ።
ግራ ቀኝ አየና፣ ጎንበስ ብሎ፣
"ያማል?" አለኝ። "ለባለቤቴ ነው።"

"ከኔ አትስማ" አልኩት፣ "እኔ ወሬኛ ነኝ፤
አሞራ ገደል ውረድ፣ አመነችን ጠይቅ፤
ቢላዋዋ ከሩቅ ይሰማል።"