የነፋስ መዝገብ

ትሪየስቴ ላይ ነፋስ አለ፣ ስሙ ቦራ፣
ከድንጋዩ ሜዳ ወርዶ ባሕሩን የሚያስፈራ።
በዳገቱ መንገድ ገመድ ይወጠራል፤
ፖስተኛው፣ አሮጊቷ፣ ተማሪው ይይዛል።
እኔ እለካዋለሁ።
ሰገነቱ ላይ አራት ጽዋ ያላት መዘውር አለችኝ፣
ስትሽከረከር ፍጥነቱን የምትነግረኝ፤
ቀንና ሰዓቱን በሰማያዊ ደብተር እጽፋለሁ፤
ቁጥር አይጮኽም፤ ከቁጥር ጋር አርፋለሁ።

ሰባተኛ ክፍል ግን ይጮኻል።
ወንበር ሲጎተት ጥርሴ ውስጥ ይገባል፤
የመብራቱ ዘንግ ከጣሪያው እንደ ንብ ያጉረመርማል፤
ያኔ እጆቼ ይነሣሉ፣ ይርገበገባሉ፤
እኔ አላዘዝኳቸውም፣ እነሱ ግን ያውቃሉ።

ኦቲዝም ይባላል። ሐኪሟ ስትነግረኝ ደስ ብሎኝ ነበረ፣
ለካ ስም አለው ብዬ፤ ያው ቃል ግን በሎሪስ አፍ መረረ።
«ሄሊኮፕተር!» ይለኛል በኮሪደሩ፣ እጁን እያራገበ፤
ከኋላው ሳቅ አለ፣ እንደ ጅራት የተሳበ።
አንድ ቀን የጆሮ መሸፈኛዬን ቀምቶ
ወረወረው፤ ቀረ ከሽንት ቤት ውሃ ገብቶ።
አባቴ «ተወው» አለኝ፤ «ስታየው ነው የሚብስበት።»
ተውኩት። እሱ አልተወኝም፤ ባላየውም አልቀነሰበት።
እንግዲህ የማውቀውን አደረግሁ፤
በነፋሱ ዓምድ ጎን እሱንም ለካሁ።

ሐሙስ፣ በመልክዓ ምድር ትምህርት፣ ተነሣሁ፤
የማንንም ዓይን አላየሁ፤ መስኮቱን አየሁ።
አነበብኩ፦

ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ከአምስት። ሎሪስ። «ሄሊኮፕተር»፣ ስድስት ጊዜ። የሳቁ፣ ዘጠኝ።
ረቡዕ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል። ሎሪስና ኢጎር። ቦርሳዬ በመስኮት። ቦራ ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር፤ ወረቀቶቼ እስከ ወደቡ።
ዓርብ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ምንም። ሎሪስ ታሞ ቀርቷል።

«ቱሊዮ፣ ልጄ» አለች መምህርት ፉርላን፣ «ቀልድ እኮ ነው፤ ተቀመጥ።»
«ቀልድማ ሁለቱም ወገን ሲስቅ ነው። ቆጥሬያለሁ።
የእኔ ረድፍ ዜሮ ነው።»
አልተቀመጥኩም።

ሎሪስ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤
ዞር ብሎ ጅራቱን ሲፈልግ፣ ጅራቱ ታከተ።
ከመጨረሻው ወንበር ያስና ተነሣች፣ ጆሮዋ ቀልቷል፤
«የማክሰኞው ስሕተት አለው» አለች፣ «አሥር ይሆናል።
እኔም ስቄ ነበር።»
እርሳስ አወጣሁ። አረምኩት። አመሰገንኳት።
ለምን እንዳለቀሰች እስካሁን አልገባኝም።

ሎሪስ ይቅርታ አለኝ፣ ጫማዬን እያየ፤
(ጫማ ማየት የእኔ ነበር፤ ሥራችን ተለዋየ።)
አምኜው እንደሆን አትጠይቁኝ። ዓምዱ አልተዘጋም።

ያን ዕለት ከሰዓት ቦራ ወረደ፣ መቶ አሥር።
ደወሉ ተደወለ፤ ገመዱን ይዘን ወጣን በተርታ፣
መምህርት ፉርላን በሻርፗ ልትታነቅ ጥቂት ቀርቷት፣
ያስና፣ ኢጎር፣ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ፣
ሁሉም ክንዱን ያራግባል፣ እንዳይወድቅ፤
ማንም ማንንም ሄሊኮፕተር አላለም።
ሎሪስም ነበረ፤ እጁ ሲርገበገብ አየሁት፤
ልጽፈው አሰብኩና ተውኩት።
በአንድ እጄ ገመዱን ያዝኩ፤
ሌላውን ለቀቅሁት።