አጭር ገመድ

አክስቴ ሱንማያ፣ በራሱዋ ጋራ፣
የሎት ሳላን ዛፍ ልጣ በገጀራ፣
ቅርፊቱን በኪሎ ሸጠች፤ ለጨው፣ ለቆርቆሮ።
ጫካው ራቁቱን ቀረ፣ እንደ ተነጨ ዶሮ።

በረዶው ከጋራው ሽቅብ እየሸሸ፣
ሆዷ እየተነፋ፣ «ጎመን ነው» ስትል መሸ።
ሐኪሙ «እንቁልጢሽ» አለ፤ ስሙን ጠራው፤ ካንሰር።
ከዚያ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ በቀጭኗ የደም ሥር፣
ያው የላጠችው ቅርፊት፣ ተጣርቶ በብልቃጥ፣
ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፣ መጣ ለራሷ ሊሸጥ።

እኔ በካትማንዱ፣ ከመስታወት ሳህን፣
አሳድግ ነበረ ከቅርፊቱ ያደረውን
ሻጋታ፤ ዛፍ ሳይላጥ መድኃኒት እንዲሰጠን።
በመጀመሪያው ወር ሰጠ፤ ጥቂት፣ እንደ ጤዛ።
በስድስተኛው ዘር ነጠፈ፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ፈዛዛ፣
ስኳር እየላሰ፣ ዛፉን እየረሳ፣
ሙያ የሌለው ሎሌ፣ በልቶ የሚነሳ።

«በሕይወት ያለ ዛፍ ያስፈልገኛል» አልኳት።
የተመለጠ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ፣
«አንድ አለ» አለችኝ፣ «ከገደሉ ጥላ።»
«አዝነሽለት ነው የተውሽው?»
ሳቀች፤ ስፌቱ እንዳይፈታ ሆዷን ይዛ ሳቀች።
«ምን አዝኜ! ገመዴ ነው ያጠረኝ» አለች።

ነገ እወጣለሁ። ረጅም ገመድ ገዝቻለሁ።
ቢላዬ ጥፍር ታክላለች።