እንቢ ማለት ይቻላል

ቡሬ፣ ከጋሪ ተራው ማዶ፣ ክሊኒኩ ደጅ ቆመናል፤
ዳማ በሦስት እግሩ ነው፣ አራተኛው አብጦበታል።
ጥሩዓይኔ፣ ሐኪሟ ልጅ፣ ወረቀት ዘርግታ አነበበች፤
«ለጥናት ነው፣ አባ ይስማው፤ ደሙን ልውሰድ ወይ?» አለች።
«ሁለት ብልቃጥ ከአንገቱ፣ ከእባጩም ትንሽ መግል፣
ዕድሜው፣ የተወጋው መድኃኒት፣ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።
ስምዎ አይወጣም፣ በቁጥር ነው፤ ባይፈቅዱም ይታከማል፤
እንቢ ማለት ይቻላል።»

ይቺን ድገሚልኝ አልኳት።
ደገመችልኝ።

መሬቴን በገመድ ሲለኩ፣ ወንድሜን ከገበያ ሲያፍሱ፣
ጠይቆኝ ያለፈ የለም፤ ወስደው ነው የተመለሱ።
ስልሳ ስድስት ዘመን ኖሬ፣ እንቢ የማለት መብት
የመጣልኝ በፈረሴ ነው፣ በአንገቱ ደም ምክንያት።

እንቢ ምላሴ ጫፍ ደረሰ፤
ልቅመሰው ብዬ፣ ለአንዴ እንኳ።
የአቸነፍን በቅሎ አሰብኩ፣
አምና በዚሁ እባጭ የሞተችውን።
አውራ ጣቴን ቀለም ነከርኩ።

ዳማ ግን መርፌው ሲቀርብ
ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ።
ለሱ የተጻፈ መስመር ወረቀቱ ላይ የለም።
ጋማውን ይዤ «በእኔ ይሁን» አልኩት።

ብልቃጡ ላይ አርባ ሰባት ብላ ጻፈች።
እኔ በሆዴ ዳማ አልኩ፣
እንዳይጠፋብኝ።