ጳጉሜዬ

ሌላው ሰው እፎይ የሚለው በረዶ ሲጥል ነው፤
ያኔ ነው ቀለም የሚያሰኘው፣ ሹራብ የሚያምረው።
እኔ ግን የሳስካቱን በረዶ ጠራጊ ነኝ፤
ሰማይ ሲፈታ ነው ሥራ የሚያስረኝ።
ጊዜ ካለኝ፣ ያለኝ ይቺው ናት፦
የመጨረሻው ቅጠል ከወደቀበት
የመጀመሪያው በረዶ እስኪወድቅ፣
አለቃዬ ሳይቆጥራት፣ ማንም ስለሷ ሳይጠይቅ።
ጳጉሜ ብያታለሁ፣ በጥቅምት ብትመጣም፤
አምስት ቀን ትሁን ስድስት፣ ቃል አትሰጥም።
አንዳንድ ዓመት ሁለት ቀን ብቻ፣
እንደ ደመናው ፈቃድ፣ እንደ ንፋሱ ጥላቻ።

ዘንድሮ ማክሰኞ ገባች። ጋራዡን ከፈትሁ።
ከመደርደሪያው ላይ ዘንዶዬን አገኘሁ፤
አንድ ክንፉ አረንጓዴ፣ አንዱ የፕላስቲክ ግራጫ፣
ከሚያዝያ ጀምሮ የቆመ፣ ያለ መብረሪያ ያለ መቀመጫ።
ካውራ ጣቴ አይበልጥም። ዐይን እንኳ አልሳልሁለትም፣
እንዲያም ሆኖ አፈጠጠብኝ፤ ቂም ለመያዝ ዐይን አያስፈልግም።
ብሩሼ ደርቆ እሾህ ሆኗል። ለብ ባለ ውኃ ነከርሁት፤
እንዳኮረፈ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚለዝበው፣ ጠበቅሁት።
ከጎኑ አርባ ረድፍ ሹራብ፣ ለማን እንደጀመርሁት የረሳሁት፣
ላንገት የሰፋ፣ ለትከሻ የጠበበ፤ ድመቷ ተኝታበት አገኘኋት፣
ተውሁላት።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ብርዱን አስበው ነው፤
የኔ ብርድ ሌላ ነው።
በጥቅምት አንድ ክንፍ አልሁ፤
እስከ ሐሙስ ቀባሁ።

ሐሙስ ማታ ዶሪን ምድር ቤት፣ ማሞቂያው እያጉረመረመ፣
በመጋቢት የታጠፈው ካርታ ተዘረጋ፣ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመ።
ያቆምነው ድልድይ ላይ ነበር፤
ገመዱ ሲበጠስ፣ ተራው የኔ ሲሆን፣ አንድ እግሬ በአየር።
ሰባት ወር እንደተንጠለጠልን
ጆሜል ሁለተኛ ልጅ ወልዶ ከእንቅልፍ ተጣልቷል፤
ኦሬስት ጉልበቱን በብረት አስለውጧል፤
ዶሪን፣ አርባ ዓመት የተማሪ አውቶብስ የነዳችው፣ ጸጉሯን ቀይ ተቀብታለች፣
«ጡረታ ቀለም ያስፈልገዋል» ትላለች።
ድልድዩ ላይ ግን ማንም አላረጀም፤
ያው ንፋስ፣ ያው ገመድ። ገደሉም አልጠለቀም።

ዘንዶዬን ከገደሉ ማዶ አቆምሁት፣ ክንፉ ገና እርጥብ ነው።
«ከአሥራ አራት በላይ ካወጣህ ተሻገርህ» አለች ዶሪን፤ «ካላወጣህ፣ ነፍስ ይማር ነው።»
ባለሃያ ገጿን ዳይስ በመዳፌ አሸሁ፣
እፍ አልሁባት፣ ወረወርሁ።
ነጠረች። ዘንዶውን ገጨች፣ አረንጓዴ ነክቷት ተንከባለለች፤
ከሶፋው ሥር ገባች።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ነው።
«ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ጀምሮ አሥራ አምስት ሳንቲሜትር። ናልኝ።»
ጳጉሜ አለቀች፣ በሦስተኛ ቀኗ።

ኦሬስት በአዲሱ ጉልበቱ ሊንበረከክ ሲል
«ተው፣ አትያት» አልሁት። «ቁጥሩ እዚያው ይክረም።»
ዶሪን ሣቀች። ካርታውን ግን አላጠፈችም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ብሮድዌይ ድልድይ አፋፍ ላይ፣
ምላጩን ዝቅ አደረግሁ።
ወንዙ ከታች ገና አልረጋም፣ ጥቁር ነው።
ከተማው ሁሉ ቀለም ያልነካው መጫወቻ ይመስላል፤
ቤቱ፣ ዛፉ፣ የቆመው መኪና፣
ተሠርቶ ያልተቀባ።
በጓንቴ ውስጥ፣ ካውራ ጣቴ ጥፍር ሥር፣
አረንጓዴ አለ።
ከሶፋ ሥር አንዲት ቁጥር ወደ ላይ ታያለች፤
አሥራ አምስት ትሁን ሦስት፣
አቧራው ብቻ ያውቃል።

ፍጥነቴን ቀነስሁ።
ተሻገርሁ፣
ይሄኛውን።